በሐዘን ዓመት የበራ የሠርግ መብራት

ጌቾዬ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም ይላሉ። ይበሉ። አንተ በሕይወት እያለህም አንድ ነገር ሦስቴ ካልነገሩህ አትሰማም ነበር፤ አሁን ባትመልስልኝ ምን አዲስ ነገር አለው? ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እንደምን ከረምክ እንዳልልህ መልሱን የሚያመጣልኝ የለም፤ ስለዚህ የራሴን ልንገርህ። ደህና ነኝ። ብርዱ ጉልበቴን ያዝ ያደርገኛል እንጂ ደህና ነኝ። ዛሬ የተቀመጥኩት ላለቅስልህ አይደለም። አልቅሼ ጨረስኩ ባልልም ለዛሬ ይቆየኝ። ዛሬ ልኩራራብህ ነው።

አበባህ አበበ፣ ጌቾ! ያ ስንት ያጨቃጨቀን ደወል አበባ በቀለ፣ ረዘመ፣ አበበ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላድርስህ። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው ኮረኮንች ይሠራል ከተባለ ቆይቷል፤ አሁንም ይሠራል እየተባለ ነው። ውኃ በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፤ በርሜል ጨምሬያለሁ። ሱሉልታ ልምምድ የሚሠሩት ሯጮች ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው አጥራችንን ታክከው ያልፋሉ። ያንን ቡኒ ጃኬትህን ለማንም አልሰጠሁም። ጓሮ ስወርድ እኔው እለብሰዋለሁ፤ እጅጌው ይረዝምብኛል ግን ይሞቃል። ጎመንና ሽንኩርቱን አትጠይቀኝ፣ የሉም። መደቡን ሁሉ ያንተ አበባ ወርሶታል፤ ጎመን ከአዴ ጫልቱ ነው የምገዛው።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩህ አታምነኝም፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ዕድሜህን ሙሉ የሰው ሠርግ ስታስጌጥ ኖርክ። ስንቷ ሙሽራ አንተ ባቆምከው ቅስት ሥር አለፈች! አበባው ግን ሁሉም ላስቲክ ነበር። ቅዳሜ ይሰቀላል፣ እሑድ ማታ ተጠቅልሎ ወደ ሳሎናችን ይመለሳል፣ ሰኞ በሳሙና አጥበን ግቢው ውስጥ እናሰጣዋለን። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አካም ቡልቴ» ብላ እንዴት አደርሽ ካለችኝ በኋላ «እናንተ ቤት አበባ እንደ ካልሲ ይታጠባል» እያለች ትስቅ ነበር። እኔም እስቃለሁ። አንተ ግን አይስቅህም ነበር። ሥራህን ትወዳለህ፣ ላስቲኩን ትጠላለህ።

ከዚያ አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሆቴል ሠርተህ መጣህና እራት ሳይቀርብ ስለ አበባ ማውራት ጀመርክ። ቀጥ ያለ፣ ከወገብ በላይ የሚደርስ፣ ከታች እስከ ጫፉ ሐምራዊ ደወል የተደረደረበት አበባ አየሁ አልክ። ከሰበታ ከአበባ እርሻ መጥቶ ነው አሉህ፤ ስሙን የሚነግርህ ግን አላገኘህም፤ አንተው ደወል አበባ አልከው። እራቱን በላህ፣ ወሬው አላለቀም። ተኛን፣ አላለቀም። ያን ሰሞን ሆስተስ ለሆነች ሙሽራ አዳራሽ አስጊጠህ ነበርና ደስ ብሏት ከውጭ ምን ላምጣልህ አለችህ። ሌላ ሰው ጫማ ይላል፣ ሽቶ ይላል። አንተ ዘር! የአበባውን ፎቶ ሰጠሃት። ፓኬቱን ስታመጣልህ እንደ ታቦት በሁለት እጅህ ይዘኸው ገባህ።

ከፍተን ስናየው ዘሩ አቧራ ነው። ከጤፍ ያንሳል። ጤፍ አጠገቡ ቢቀመጥ ባቄላ ይመስላል። እኔ የበቾ ልጅ ነኝ፤ ጤፍ ሲዘራ ነው ያደግኩት። እንዲህ ያለ ዘር አይቀበርም፣ ከላይ ይበተናል፣ አፈር አይለብስም አልኩህ። አንተ የአዲሱ ገበያ አራዳ፣ እርሻን በመኪና መስኮት ያየህ ሰውዬ፣ «አበባ ነው እንጂ ጤፍ አይደለም» ብለህ በጣትህ እየቆፈርክ እንደ ባቄላ ቀበርከው። አልበቀለም። ብርድ ነው አልክና በላስቲክ ሸፍነህ ደግመህ ቀበርከው። አልበቀለም። ዘሩ የሞተ ነው አልክ፤ እኔ ደግሞ አንተ ነህ የገደልከው አልኩህ። ተሳስተህ ነበር ጌቾ። ሞተሃል ብዬ ይህን አልተውልህም።

ይሄ ሁሉ በእኛ መካከል ቀርቶ ቢሆን ምንም አልነበረም። ግን የልጃችን የቤዛ ሽምግልና መጣ። የእጮኛዋ የለሚ ሽማግሌዎች ከሰበታ መጥተው ሳሎናችን ቆሙ፤ ኦቦ ቶለሳ፣ የልጁ አጎት፣ በዚያ በወፍራም ድምፃቸው ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አንተም እሺ አልክ። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? ቀጠልክ። «አንድ ነገር ግን ልናገር። የሰው ልጅ በላስቲክ ስድር ኖሬያለሁ። በልጄ ሠርግ ላስቲክ አበባ አይቆምም። እኔ ራሴ ዘርቼ ያበቀልኩት ነው የሚቆመው» አልክ። ኦቦ ቶለሳ ፈገግ ብለው «ኦቦ ጌታቸው፣ እኛ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው፤ አበባ መች ጠየቅን?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንተ አልሳቅክም። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ፣ ወይ ጉድ፣ አንድ እንኳ ሳይበቅልለት በሰው ፊት ቃል ገባ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከዚያማ ታውቀዋለህ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር፤ ጾሙ ሳይጋመስ አንተ ሄድክ። ግፊት ነው አሉ። ጠዋት ጫማህን እያሰርክ ነበር፤ ማታ በራችን ላይ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ይህን ከዚህ በላይ አልጽፈውም። ሠርጉ ለመጪው ዓመት ግንቦት ተሻገረ፣ ሙት ዓመትህ ከወጣ በኋላ።

አርባህ እንዳለፈ ዳንኤል መጣ። ያ ሥራ ያስለመድከው የቡራዩው ዳንኤል፤ አሁን የራሱ ዕቃ፣ የራሱ ጄኔሬተር ያለው ሰው ሆኗል። እያለቀሰ፣ «እትዬ ዘነበች፣ የቤዛ ሠርግ የእኔ ነው፤ አዲስ ዕቃ ገብቶልኛል፣ ከእውነተኛው አበባ አይለይም» አለኝ። ልቡ ወርቅ ነው። እኔ ግን ኦቦ ቶለሳ እዚያ አዳራሽ ገብተው ላስቲኩን ሲያዩና ምንም ሳይሉ ሲቀመጡ ታየኝ። ያ ዝምታ ነው የሚገድለኝ። ሰው ከሞተ ማን ይወቅሰዋል፣ ይረሱልሃል። እንዲረሱልህ አልፈለግኩም! ጉረኛ መሆንህን እኔ አውቃለሁ፤ እሱን ማወቅ የእኔ ድርሻ ነው። የሰበታ ሰው እንዲያውቀው አልፈልግም። ዳንኤልን እምባውን አስጠርጌ፣ የጌታቸው ልጅ በጌታቸው አበባ ነው የምትዳረው ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ ገብቼ ፓኬቱን ፈለግኩ። ትንሽ አቧራ ተርፎታል።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት ላይ ዘራሁት። እንዴት መሰለህ? እንደ ጤፍ! ቢጫ ጀሪካኖችህን በቁመታቸው ሰንጥቄ አፈር ሞላሁባቸው፤ አፈሩን በወንፊት ነፋሁት። አባቴ መሬቱን በከብት እንደሚያስረግጠው እኔም በሰሃን ቂጥ ጠቅጠቅ አድርጌ አጠበቅኩት። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ ከላይ በተንኩት። አፈር አላለበስኩም፣ አንዲት ፍሬ አልቀበርኩም። ውኃ ባፈስበት ጠራርጎ ይወስደዋልና ቤዛ ከምትሠራበት ፀጉር ቤት የፀጉር ማርጠቢያ አመጣችልኝና በእሱ ፍስስ፣ ፍስስ አደረግኩት። በረንዳ ላይ ደርድሬ፣ በላያቸው ስስ ጨርቅ ዘርግቼ ጠበቅኩ።

በቀለ። ጌቾ፣ በቀለ! አንድ ማለዳ ጨርቁን ስገልጠው ጀሪካኑ ሁሉ አረንጓዴ አቧራ የተነሰነሰበት መሰለ። መነጽር አድርጌ አየሁት፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቷል። ብቻዬን በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ነገርኩህ፣ ነገርኩህ አይደለም ወይ፣ እያልኩ ጮህኩብህ። ደስታ ነው፣ ንዴት ነው፣ እኔም አላውቅም። አዴ ጫልቱ ምን ሆነች ብላ በአጥሩ ብቅ አለች፤ አበባው በቅሎ ነው ስላት አጥሩን ዞራ መጥታ አቀፈችኝ።

ከኅዳሩ ውርጭ ተርፎ፣ ጎበዝ ጎበዝ ሲል ጓሮ አወረድኩት፤ ከበረንዳው ጀምሮ እስከ ኋላው አጥር ድረስ መደብ አወጣሁለት። ያኔ ነው ሌላው መከራ የመጣው። ቅጠሉ ፋፋ፣ መሬት ላይ ተነጠፈ፣ አለቀ። አይነሳም። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ፣ መሬት ለመሬት ተዘርግቶ ሰላጣ መስሎ ቁጭ! አዴ ጫልቱ «ጎመኑ መቼ ነው የሚበላው?» ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ገብቼ ግን ቀን እቆጥራለሁ። ግንቦት እየቀረበ ነዋ! ማዳበሪያ ሰጠሁት፣ ኮተኮትኩት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት። እንደ አንተ ነው፣ አይሰማም።

የካቲት ሲገባ አንድ ነገር አየሁ። በረንዳው ሥር ያሉት ጥቂቶቹ መሃላቸው ቀና አለ። በሳምንት ውስጥ አንገት አወጡ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይመዘዙ ጀመር። የሌሎቹ አልተነቃነቀም። የዕቃ እጣቢ የምደፋው እዚያ ስለሆነ ነው ብዬ እጣቢውን ለሁሉም አዳረስኩ፤ ምንም የለም። የግድግዳው ሙቀት ይሆናል አልኩ። ግን ከኋላው አጥር ጥግ፣ ግድግዳም እጣቢም በሌለበት፣ ሁለት ሦስቱ ብቻቸውን ተነስተዋል። አንገቴን ቀና አድርጌ ባይ በላያቸው የመንገድ መብራቱ አለ። ዞር ብዬ በረንዳውን አየሁ። አምፖሉ!

ካረፍክ ጀምሮ የበረንዳውን አምፖል አጥፍቼ አላውቅም ጌቾ። አንተ ነበርክ ኋላ የምትገባው፣ አንተ ነበርክ የምታጠፋው። እኔ ሳጠፋው ሁሉም ሰው የገባ ይመስላል፤ ስለዚህ ማጥፋት አልቻልኩም። ያንን ሁሉ ወራት ሲበራ እያደረ ነው ያንተ አበባ ከሥሩ ሆኖ ቀኑ አልመሸም ብሎ ያደገው። ለለሚ ስነግረው ራሱን ያዘ። ፋብሪካ የሌሊት ተራ ሲገባ በሰበታ የአበባ እርሻዎቹ በኩል ነው የሚያልፈው፤ የላስቲክ ቤቶቹ ውስጥ መብራት ሲበራ ሁልጊዜ ያያል፤ ለዘበኞቹ እየመሰለው ኖሯል።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ወዲያው ደግሞ ተነሳሁ። ጊዜ የለማ! የዕቃ ክፍልህን ከፍቼ ያንን ረጅሙን የአምፖል ገመድ፣ የሠርግ ድንኳን ዙሪያ የምትዘረጋውን፣ እየጎተትኩ አወጣሁት። ቤዛና ለሚ ቀርከሃ ተከሉ፣ ከመደቡ በላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋነው። ማታ ስንለኩሰው ግቢያችን የሠርግ ቤት ሆነ። እስኪ አስበው፦ ዐቢይ ጾም ነው፤ ሙት ዓመትህ አልወጣም፤ እኔ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሻለሁ፤ በላዬ ላይ የሠርግ መብራት ይንቦገቦጋል።

ሰፈሩ ዝም ይላል? በማግስቱ ሱቅ ስሄድ ወሬ ቆመ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌላዋ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው አለች፤ ገና ዓመቱ ሳይወጣ ባል አገኘች ያለችም አለች አሉ። ባል! በዚህ ጉልበት! በሦስተኛው ቀን የእድሩ ዳኛ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። እንግዲህ የሐዘን ወግ አለን፣ ጌታቸው የተከበረ ሰው ነበር፣ ምን ሆነሽ ነው ልጄ አሉኝ። ያስቀየመኝ የለም፤ ለአንተ ብለው ነው የመጡት። እጃቸውን ይዤ ጓሮ አወረድኳቸውና በረንዳው ሥር የተነሱትንና መሃል ላይ የተኙትን አሳየኋቸው። በሽማግሌ ፊት የገባኸውን ቃልም ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ታዲያ ልጄ፣ ዓመቱ እስኪወጣ ቀን ቀን ብቻ ብታበሪው ምን አለበት?» አሉኝ። ቀን ቀንማ ፀሐይ አለ፣ ጋሼ! ከተከተሏቸው ሴቶች አንዷ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ እሳቸውም ላይ ተጋባ።

መላውን ያመጣችው አዴ ጫልቱ ናት። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶቿን በጋሪ ሙሉ አመጣች፤ ሴቶቹ ሰፉልን፤ አጥሩን ዙሪያውን በሱ ጋረድነው። መብራቱ ከውስጥ፣ ሐዘኑ ከውጭ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ የአበባው ባለቤት ሆነ። የእድሩ ዳኛ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ ቆም ብለው፣ ተነሳ ወይ፣ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ተነሳ! መሃሉ ሁሉ ተነሳ፤ እየደገፍኩ ማሰር እስኪያቅተኝ ድረስ ወደ ላይ ተመዘዘ።

በረንዳው ሥር ያሉት ቀዳሚዎቹ ያበቡት ልክ ለሙት ዓመትህ ነው። እና ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ፦ መቃብርህ ላይ በጧፍ ብቻ መጣሁ። አንድም አላመጣሁልህም። ዳንኤል እውነተኛ አበባ አዳራሽ ሳይደርስ ይጠወልጋል ብሎ ፈርቶ ነበርና ለፈተና አዋልኳቸው። የታችኛው ደወል ከፈት እንዳለ በማለዳ ቆርጬ፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ነክሬ ጨለማ ክፍል አስቀመጥኳቸው። ከሳምንት በላይ ቆዩ፤ እዚያው ባልዲው ውስጥ እየከፈቱ ወጡ። አንተም ብትሆን እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ሥራ ይቀድማል ትል የለ።

ሚያዝያ ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ፈነዳ። መብራት ጠፋ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ይመጣል፣ አልመጣም። የኋላው መደብ ገና እምቡጥ አልያዘም። ሻማ ላብራለት? ለዳንኤል ደወልኩ፤ አላማከርኩትም፣ አለቀስኩበት። ያው ላስቲክ ይሻላል ያለኝ ሰውዬ በዚያው ቀን ጄኔሬተሩን ሚኒባስ አናት ላይ አስሮ ከቡራዩ ሱሉልታ ደረሰ። የራሱን ሥራ ሰርዞ ነው የመጣው። ያ ማሽን ዱዱዱ እያለ ሰፈሩን እንቅልፍ ነሳ፤ አንድ ሰው እንኳ አጉረመረመ ብልህ ውሸት ነው።

ከሠርጉ በፊት ባለው ማለዳ ጃኬትህን ለብሼ ጓሮ ወረድኩ። አዴ ጫልቱ፣ ቤዛ፣ እኔ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ቆረጥን። ሐምራዊ፣ ነጭ፣ ጥቂት ደግሞ እንደ ሮዝ ያለ፣ አንተ ያላየኸው። ሚኒባሱ ውስጥ ባልዲዎቹን በጉልበታችን መሃል ይዘን ተቀመጥን፤ ጫፋቸው ጣራውን ነካ። እንጦጦን ስንወርድ ሾፌሩ በየኩርባው፣ እማማ አበባው ደህና ነው፣ ይላል። አንተን ይዤ የምወርድ ያህል ነበር የተጠነቀቅኩት።

ሰበታ አዳራሹ ውስጥ ዳንኤልና ልጆቹ ጠበቁን። መቼም የለመደ እጅ! ዳንኤል የመጀመሪያውን ዘንግ አንስቶ እንደ ላስቲኩ ሽቦ ያለው መስሎት ለቅስቱ ሊያጎብጠው ቢል ቀጭ! ሁላችንም ክው አልን። ደግነቱ ትርፍ ነበረን። ከዚያ ቅስቱን ተውነው፤ እንዳሉ ቀጥ ብለው ይቁሙ አልኩ። ከሥራቸው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል አደረግንላቸው፤ በሙሽሮቹ ወንበር ግራና ቀኝ በረድፍ ቆሙ። ዳንኤል ወደ ኋላ ሄዶ አየና ባርኔጣውን አወለቀ። እኔን ሳይሆን አበባውን «ጋሼ» አለው። ሁለታችንም አልተያየንም።

በነጋታው ሰው ገባ። የአገራችንን ሰው ታውቀዋለህ፣ አበባ ሲያይ ሳይቆነጥጥ አያልፍም። አንዱ ቆነጠጠ፣ ሌላው ቆነጠጠ፣ እስከ ከሰዓት የታችኞቹ ደወሎች ሁሉ ጆሯቸው እንደ ተጎተተ ልጅ ሆኑ። ቤዛ በነጭ ልብሷ በመካከላቸው ገባች። ጌቾ፣ ልጃችን ቆንጆ ናት። አበባው ደግሞ እስከ ትከሻዋ ይደርሳል። ከዚያ ኦቦ ቶለሳ ተነሱ። ሰው ሁሉ እያየ፣ በከዘራቸው ቀስ ብለው ሄደው አንዱን ደወል በሁለት ጣታቸው ያዙ። አሹት። አሸተቱት። ዞር አሉና በዚያ ድምፃቸው፣ ማይክ አላስፈለጋቸውም፣ «ኦቦ ጌታቸው ቃሉን አደረሰ!» አሉ።

እልል አልኩ። በእልልታዬ የራሴ ጆሮ ደነገጠ። ካንተ ወዲህ ድምፄን ለደስታ ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። አዴ ጫልቱ ተቀበለችኝ፣ የሰበታ ሴቶች ተቀበሉ፣ አዳራሹ ተናጋ። ስስቅ አለቅሳለሁ፣ ሳለቅስ እስቃለሁ። አሸነፍን ጌቾ! ሞት ራሱ እያየ አሸነፍን።

አሁን ስምህ የት እንደደረሰ ልንገርህ። ያን ቀን እንግዳው ሁሉ ዳንኤልን ምን የሚባል አበባ ነው እያለ ሲጨቀጭቀው፣ እሱም ሌላ ስም ስለማያውቅ «የጌታቸው አበባ ነው» ይላቸዋል። ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀረ። ከቡራዩ እስከ ሰበታ ያሉ አስጌጪዎች ስልክ ደውለው፣ እትዬ፣ ለቅዳሜ የጌታቸው አበባ አለሽ ወይ ይሉኛል። አለኝ እላለሁ። የተቆረጡት ከሥራቸው አቆጥቁጠው ደግመው አብበዋል፤ ከሠርጉ ሳይቆረጡ የቀሩትን ለዘር ትቼ ደግሜ ዘርቻለሁ፤ ለክረምቱ ዝናብ ሸራ ወጥሬላቸዋለሁ፤ ይህን ስጽፍልህ በመስኮቱ አያቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ከቡራዩ መጣች፤ መስከረም ላይ ልታገባ ነው። አበባውን አይታ ስታበቃ «እትዬ፣ ጌታቸው የሚባለው የሚበቅልበት አገር ነው?» አለችኝ። መቀሱን አስቀመጥኩና በረንዳው ላይ ወንበር ሰጠኋት። ባሌ ነው ብዬ ጀመርኩላት። እልኸኛነትህን፣ ሽማግሌ ፊት መኮፈስህን፣ ዘሩን እንደ ባቄላ መቅበርህን፣ ሳቅህን፣ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ጫማ ስታስር የምታፏጨውን፣ አንድም አላስቀረሁም። ስትስቅ ቆየች፣ ኋላ ዓይኗን ጠረገች፤ በዚህ መሃል የያዘችው ሚኒባስ ጥሏት ሄደ።

እንግዲህ ቃል መግባት ያንተ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ይኸው። እኔ በቁሜ እያለሁ ከዚህ ግቢ አንዲት ዘንግ አበባ የሚወስድ ሰው አንተን ሳይሰማ አይወጣም። ይቸኩል፣ ይምሽበት፣ ይቀመጣል። ታክሲ ቢያመልጠው ሌላ ይመጣለታል። አንተ ግን አንድ ነበርክ።

ያንተው ዘኑ
ከሱሉልታ